ከካሜራው ጎን ያለችው ቀዳዳ የማን ናት?

ዛሬ ከሰሞኑ ወሬ ወጣ ብለን የሩዝ ፍሬ ስለማታክል አንዲት ዕቃ እንጫወት። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ያላችሁ አሁን፣ የሌላችሁ ማታ አንብቡት። "ይሄ ደግሞ ምን አገባን?" የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ። ጉዳዩ ገንዘብ ከፍለን የገዛነው ዕቃ በእርግጥ የእኛ ነው ወይ የሚል ነው።

ባለፈው ክረምት ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ከውጭ በሰው ሻንጣ የገባ ነው። ሻጩ ልጅ ዕቃውን ሲያሞግስ፣ ስክሪኑ አናት ላይ ካለው ካሜራ ጎን ነጥብ በምታህል ቀዳዳ ላይ ጣቱን ጫን አደረገ። ስክሪኑ ቀስ ብሎ ደብዘዝ አለ። ጣቱን ሲያነሳ መልሶ ፈካ። "አየህ ወንድሜ፣ ብርሃኑን ራሱ ነው የሚያስተካክለው" አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ዋጋው ላይ ብዙ እንዳልከራከር ያደረገችኝ እሷ ቀዳዳ ናት።

ቤት እንደገባሁ የመጀመሪያው ሥራዬ በላዩ የነበረውን ዊንዶውስ ማጥፋት ነበር። ፈቃዱ ሕጋዊ እንዳልሆነ ሻጩም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። በምትኩ ሊኑክስ ጫንኩ። ዋይፋዩ ሠራ፣ ድምፁ ሠራ፣ ካሜራው ሠራ፣ የአማርኛ ኪቦርዱም ሠራ። በነጻ፣ ያለ ስርቆት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ደስ አለኝ።

ከሳምንት በኋላ ማታ ጽሑፍ ስጨርስ መብራት ጠፋ። ክፍሉ ጨለመ። ስክሪኑ ግን ቀን እንደነበረው ቦግ ብሎ ዓይኔን ወጋኝ። ጣቴን ቀዳዳዋ ላይ ጫንኩ። ምንም የለም። ደግሜ ጫንኩ። ምንም። ባትሪው ደግሞ እያየሁት ይወርዳል። በማግስቱ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ነገሩ ተገለበጠ፤ ከፀሐዩ የተነሳ የምጽፈው ራሱ አይታየኝም። ቀዳዳዋ እዚያው ናት፤ አልተበላሸችም። ከፍዬባታለሁ። ግን አታናግረኝም።

ለምን ብዬ ስከታተል ያገኘሁት ታሪክ ነው ይህን ያስጻፈኝ።

ሴንሰሯ ምን ትሠራለች?

ስሟ የአካባቢ ብርሃን ሴንሰር ነው። ያለችበት ቦታ ምን ያህል ብርሃን እንዳለው ትለካለች፤ መለኪያው ሉክስ ይባላል። ደህና ብርሃን ያለው ቢሮ ከ300 እስከ 500 ሉክስ አለው። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ሲመታ ወደ 100,000 ሉክስ ይጠጋል። ሙሉ ጨረቃ የወጣችበት ሌሊት ደግሞ 1 ሉክስ እንኳ አይሞላም። ዓይናችን ይህን ሁሉ ልዩነት ሳናዝዘው ያስተካክለዋል። ስክሪን ግን ካልነገሩት አያውቅም። ሴንሰሯ ቁጥሩን ትሰጣለች፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ቁጥሩን አይቶ የስክሪኑን ብርሃን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በላፕቶፕ ላይ ባትሪ ከሚጨርሱት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ስክሪን ስለሆነ ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ከባትሪው ላይ የሚተርፍ ግማሽ ሰዓት የአንድ ተማሪ የቤት ሥራ ነው።

ቁጥሩ ከሴንሰሯ ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚደርስባቸው መንገዶች በአብዛኛው ሦስት ናቸው። አንደኛው የላፕቶፑ ፈርምዌር፣ ማለትም ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በፊት የሚነሳው የአምራቹ ፕሮግራም፣ ራሱ ለክቶ የሚናገርበት ነው። ለዚህ ኤሲፒአይ የሚባል የጋራ መስፈርት አለ። ሁለተኛው ሴንሰሮችን ሁሉ የሚሰበስብ አንድ ማዕከል ኖሮ እንደ ኪቦርድና እንደ ማውስ በኤችአይዲ ቋንቋ ሲናገር ነው። ሦስተኛው ሴንሰሯ በቀጭን የመረጃ መስመር ከቦርዱ ጋር ተያይዛ የእሷን ቺፕ የሚያውቅ ድራይቨር የምትጠብቅበት ነው።

ሊኑክስ ላይ ድራይቨሩ ቁጥሩን እንደ ተራ ፋይል ያስቀምጠዋል። አይአይኦ ሴንሰር ፕሮክሲ የሚባል ትንሽ አገልግሎት ፋይሉን ያነባል። ከዚያ እንደ ግኖም ያለው ዴስክቶፕ ስክሪኑን ያስተካክላል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ እኔም ማታ ዓይኔን ይዤ እቀመጣለሁ።

"ሊኑክስ አይችልም" የሚለው ወሬ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ነጻ ነገር እንደዚሁ ነው፤ ጎደሎ አያጣውም" ይላል። እስኪ ስልካችሁን ተመልከቱ። ይህን ጽሑፍ በአንድሮይድ ስልክ የምታነቡ ከሆነ ከሥር ያለው ከርነል ሊኑክስ ነው። ከቤት ወደ ፀሐይ ስትወጡ ስክሪኑ ይፈካል፣ አልጋ ላይ ስትሆኑ ይደበዝዛል። ክሮምቡክ የሚባሉት ላፕቶፖችም መሠረታቸው ሊኑክስ ነው፤ ሴንሰር በተገጠመላቸው ላይ ሴንሰሩ ይሠራል። ታዲያ ከርነሉ ስልክ ላይ ሲሆን የሚችለውን ላፕቶፕ ላይ ሲሆን እንዴት ተሳነው?

መልሱ ቀላል ነው። ስልኩን የሠራው ኩባንያ ስልኩ ያለ ሊኑክስ እንደማይሸጥለት ያውቃል። ስለዚህ ድራይቨሩን ራሱ ይጽፋል ወይም ያስጽፋል፤ ሁልጊዜ ክፍት አድርጎ ባይሰጠንም ይጽፈዋል። ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ ግን ሽያጩ ከዊንዶውስ ጋር ነው። ለዊንዶውስ ድራይቨሩን ሠራ፣ ሳጥኑን ዘጋ፣ ሄደ። ሴንሰሯ በየትኛው መንገድ እንደተያያዘች፣ ከእንቅልፏ የሚያስነሳት ትእዛዝ የቱ እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት እንኳ አላወጣም። የጎደለው ያቺ አንድ ገጽ ናት።

ችግሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የሚያሳይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ላፕቶፖች ሲነሱ ፈርምዌሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን "አንተ ማነህ?" ብሎ የሚጠይቅበት አሠራር በኤሲፒአይ ውስጥ አለ። ጥያቄው በስም ነው፤ "ይህንን የዊንዶውስ ዓይነት ታውቃለህ?" እያለ ይሄዳል። ሊኑክስ ለእነዚህ ጥያቄዎች "አዎን" ብሎ ይመልሳል። "ሊኑክስ ነህ ወይ?" ተብሎ በራሱ ስም ሲጠየቅ ግን፣ በነባሪው አሠራር፣ መልሱ "አይደለሁም" ነው። ይህ የተደረገው በስንፍና አይደለም። አምራቾቹ የሚፈትሹት የዊንዶውስን መንገድ ብቻ ስለሆነ በሌላው መንገድ የሄደ ያልተሞከረ ነገር ውስጥ ይገባል። አስቡት፤ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰርቨሮችን የሚያንቀሳቅስ ከርነል፣ አንድ ላፕቶፕ ላይ ሰላም ለማግኘት ስሙን ደብቆ ይገባል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? እዚህ የተናቀው ከርነሉ ብቻ አይደለም፤ ላፕቶፑን የገዛው ሰውም ነው።

እንቁላል ቀስ በቀስ

አምራቹ ዝም ሲል ሥራው ማን ላይ ይወድቃል? ጥቂት ደሞዝተኞች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች። የሄዱበት መንገድ ረጅም ነው።

ኤሲፒአይ የብርሃን ሴንሰርን በመስፈርቱ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው በ3ኛው እትሙ ነው። መስፈርቱ ቆንጆ ነው። የሉክስ ቁጥሩ እንዴት እንደሚጠየቅ ይናገራል። አምራቹ "ይህን ያህል ብርሃን ሲኖር ስክሪኑ ይህን ያህል ይሁን" የሚል ሠንጠረዥ እንዲሰጥም ቦታ አዘጋጅቷል። በሰነዱ ላይ በቀረበው ምሳሌ 300 ሉክስ ላይ ተጠቃሚው የመረጠው ብርሃን እንዳለ 100 በመቶ ይቀመጣል፤ ፍጹም ጨለማ ላይ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፤ 1,000 ሉክስ ላይ ወደ 150 በመቶ ይወጣል። ልብ በሉ፣ መነሻው ተጠቃሚው ራሱ የመረጠው ነው። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር አለ። ያም ሆኖ ይህን መስፈርት የሚያነብ ድራይቨር በሊኑክስ ዋና ከርነል ውስጥ እስኪገባ ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

መሐል ላይ ክርክርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የብርሃን ሴንሰሮች በከርነሉ ውስጥ የራሳቸው ክፍል ይኑራቸው የሚል ሥራ ቀርቦ ሊነስ ቶርቫልድስ አልተቀበለውም። ለአንድ ዓይነት ሴንሰር ብቻ አዲስ ክፍል መክፈት ለምን እንዳስፈለገ ነበር ጥያቄው። ዛሬ የብርሃን ሴንሰሮች ኢንዱስትሪያል አይኦ በሚባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ፣ ከሙቀት መለኪያና ከእንቅስቃሴ መለኪያ ጎን ይኖራሉ። የክርክሩ ጊዜ የባከነ ሊመስል ይችላል። ግን ቤቱ አንዴ በደንብ ከተሠራ በኋላ አዲስ ሴንሰር መጨመር ጎረቤት እንደ ማስገባት ቀለለ።

ስሕተትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሴንሰሮቹ የብርሃኑን መጠን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም እንዲናገሩ የሚያደርግ ማሻሻያ ከርነሉ ውስጥ ገባ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሆኖም አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሲሠራ የቆየው ሴንሰር ጨርሶ ዝም አለ። ሰዎች ጮኹ፤ ማሻሻያው ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የፍሬምወርክ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ታየ፤ የብርሃን ሴንሰሩና የኪቦርዱ የብርሃን መጨመሪያ ቁልፎች ሊኑክስ ላይ ተጋጩ። በጊዜው የተሰጠው መፍትሔ የሴንሰሩን ድራይቨር ማገድ ነበር። ቁልፉ እንዲሠራ ሴንሰሩ ይተኛ ማለት ነው። ለመጠገን በመመቸቱ የሚታወቅ፣ ለሊኑክስ ተጠቃሚ የሚጨነቅ ኩባንያ ላይ እንኳ ይህ ከደረሰ ሌላው ላይ የሚሆነውን ገምቱ።

ሊኑክስ ብቻም አይደለም። ኦፕንቢኤስዲ በኤሲፒአይ በኩል የሚመጣውን የብርሃን ሴንሰር የሚያነብ የራሱ ድራይቨር አለው። የፍሪቢኤስዲ ፋውንዴሽን ደግሞ ኳንተም ሊፕ ሪሰርች ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ ለላፕቶፕ ድጋፍ የ750,000 ዶላር ፕሮጀክት ይፋ አድርጓል። ዋና ትኩረቶቹ ዋይፋይ፣ ግራፊክስ፣ ድምፅና እንቅልፍ ናቸው። ትክክል ነው፤ ዋይፋይ የሌለው ላፕቶፕ ላይ ስለ ብርሃን ሴንሰር ማውራት ጣሪያ የሌለው ቤት ላይ መጋረጃ መስቀል ነው። ግን ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ገንዘብ ሲገኝ እንኳ መጀመሪያ የሚሄደው ሁሉም ሰው ጋር ወዳለው ትልቅ ችግር ነው። የአንዲት ሞዴል አንዲት ሴንሰር ወረፋው መጨረሻ ላይ ናት።

ዋናው ነጥቤ

ታዲያ ያቺን ሴንሰር ማን ያስነሳት? ሃሳቤ ይህ ነው፦ ላፕቶፑን በእጁ የያዘው ሰው።

የዓለም ምርጡ የከርነል ባለሙያ አሁን እኔ ጠረጴዛ ላይ ያለው ላፕቶፕ የለውም። ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። በውስጡ ያለውን የኤሲፒአይ ሠንጠረዥ ሊያየው አይችልም፤ ጣቱን ቀዳዳዋ ላይ ጭኖ ቁጥሩ ሲቀየር ሊፈትን አይችልም። እኔ እችላለሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከዕውቀት እኩል የሚፈለገው ዕቃውን መያዝ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ አንድ ዐይነተኛ ሀብት በእጃችን እንዳለ ልብ አላልንም። በየቤታችን፣ በየሱቁ፣ በየዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ያሉት አምራቾቻቸው የረሷቸው፣ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከዱባይ የመጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ማንም ያልፈተሻቸው ናቸው።

"እኛ ማን ነን?" የሚል ካለ ይህን ጽሑፍ ያየበትን ፊደል ይመልከት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን መንገድ ይሄድ ነበር፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው ቅራቅንቦ ያነባል። ይህን የፈታው ሌላ አገር ያለ ደግ ኩባንያ በራሱ ተነሳሽነት አይደለም። ፊደሉን የሚያውቁ፣ ችግሩን በየቀኑ የሚያዩ ሰዎች ሰነድ አዘጋጅተው፣ ተከራክረው፣ ታግሠው ነው። ያን ጊዜ በእጃችን የነበረው ፊደሉ ነበር። ዛሬ ደግሞ ዕቃው ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ተጀምሯል። በርካታ ወጣቶች በኢንተርኔት ተምረው ሰርተፊኬት ወስደዋል። አልነቅፈውም፤ ልጄ ብትማር ደስ ይለኛል። ግን ሰርተፊኬት በሩን ያሳያል እንጂ አያስገባም። የእኔ ሐሳብ ከስልጠናው በኋላ አንድ ምዕራፍ ይጨመር ነው፦ እያንዳንዱ ቡድን በእጁ ያለ አንድ ላፕቶፕ ይውሰድ፣ የማይሠራ አንድ ነገር ይፈልግ፣ ምክንያቱን ይወቅ፣ ሪፖርት ይጻፍ፣ ከቻለ ማስተካከያ ይላክ። ማስተካከያው ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት መስመር ነው። ድራይቨሩ ውስጥ "እነዚህ ሞዴሎች እንዲህ ያለ ልዩ ትእዛዝ ያስፈልጋቸዋል" የሚል ዝርዝር ካለ፣ የእናንተን ሞዴል ስም መጨመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ያቺ ሦስት መስመር ተፈትሻ ስትገባ ግን ያንን ሞዴል የያዘ የብራዚልም፣ የቬትናምም፣ የመቀሌም ሰው ይገለገልባታል።

ከርነሉ ውስጥ ለመግባት ዲግሪ አይጠየቅም፤ ቪዛም አይጠየቅም። ማስተካከያው በተራ ኢሜይል ይላካል። ስማችሁን ታሰፍራላችሁ፣ ሥራው የእናንተ ስለመሆኑ ወይም ለመላክ መብት እንዳላችሁ ታረጋግጣላችሁ፣ ባለሙያዎች ይተቹታል፣ ታርማላችሁ፣ እንደገና ትልካላችሁ። ትችቱ አንዳንዴ ያማል። ሙሉ የከርነሉ ታሪክ ሲወርድ ጊጋባይቶች ይበላል፤ በእኛ ኢንተርኔት ዋጋ ቀላል አይደለም። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀይር መብራት ከጠፋም ሥራው ከመሐል ይቋረጣል። ይህን ሳልደብቅ ነው "ይቻላል" የምለው። የቅርቡን ኮድ ብቻ ማውረድ ይቻላል፤ አንድ ሰው ላወረደው ደግሞ ክፍሉ ሁሉ በፍላሽ ይካፈለዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

"ቁልፉን ተጫንና ተገላገል"

ተቃውሞዎችን አውቃቸዋለሁ። አንዱ "ብርሃን ለመቀነስ ቁልፍ አለ አይደል? አንዴ መጫን ነው፤ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ለምን?" የሚል ነው። ልክ ነው፤ እኔም የምጫነው እሱን ነው። ግን ስለ ቁልፉ አይደለም የምከራከረው። ዛሬ የብርሃን ሴንሰር ናት፤ "ትንሽ ነገር ናት" ብለን አለፍናት። ነገ የጣት አሻራ ማንበቢያው ነው። ከነገ ወዲያ የባትሪውን ዕድሜ የሚያራዝመው ቅንብር ነው። እያንዳንዱ ትንሽ ነው። ሲደመሩ ግን የገዛኸው ዕቃ ግማሹ የአንተ፣ ግማሹ ሻጩ ለመረጠው ሶፍትዌር ብቻ የሚታዘዝ ይሆናል። ዊንዶውስ ለዚያ ሞዴል ድጋፉን ሲያቆም ደግሞ ያ ግማሹም ይሞታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው፤ የግላዊነት ጉዳይ። የብርሃን ሴንሰር ካሜራ አይደለችም፤ ምን ልትሰልል ትችላለች? ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ሉካሽ ኦሌይኒክ የተባለ የግላዊነት ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ አንድ ድረ ገጽ ከስክሪኑ የሚንጸባረቀውን ብርሃን በሴንሰሩ እያነበበ፣ ሰውየው ከዚህ በፊት የትኞቹን ገጾች እንደጎበኘ ሊያውቅ እንደሚችል አሳየ። ፋየርፎክስም በቀጣዩ ዓመት ለድረ ገጾች ይሰጠው የነበረውን የብርሃን መረጃ በነባሪነት ዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ከዚህችው ሴንሰር ቁጥሮች ብቻ ስክሪኑን የሚነካ እጅን ደብዛዛ ምስል ማውጣት እንደሚቻል አሳትመዋል።

ታዲያ ይህ ሴንሰሯ ተዘግታ ትቆይ ያሰኛል? እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። ሴንሰሯ እኔ ባላናግራትም ላፕቶፑ ውስጥ አለች። ልዩነቱ ማን ያናግራታል የሚለው ነው። ኮዱ ክፍት ሲሆን ቁጥሩን የሚያነበው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያነብ ማየት ይቻላል፤ ካልፈለግሁም መዝጋት እችላለሁ። በተዘጋው መንገድ ግን የማምነው የሻጩን ቃል ነው። ስለዚህ ድጋፉ ሲጨመር ሁለት ነገር አብሮ ይጨመር እላለሁ፦ ተጠቃሚው በቀላሉ የሚያገኘው ማጥፊያ ይኑር፣ ቁጥሩም ለዴስክቶፑ እንጂ ለየድረ ገጹ አይሰጥ። መብራት ያስገባ ሰው ማብሪያ ማጥፊያውንም አብሮ ያስገባል።

ገንዘብ ያለው ይናገር

ሦስተኛው ነጥብ ወደ መንግሥት ይወስደናል፤ ወደ ፖለቲካው እንደምንመለስ የጠረጠራችሁ አልተሳሳታችሁም። እኔ አንድ ላፕቶፕ ገዝቼ አምራቹን ባማርር ማንም አይሰማኝም። ሺዎችን በጨረታ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ግን ይሰማል። የፈረንሳይ ጃንዳርሜሪ ከ100,000 በላይ ኮምፒውተሮቹን በኡቡንቱ ላይ በተመሠረተ ሲስተም ያሠራል። የጀርመኗ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ወደ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር እንደምታዛውር አስታውቃለች። እንዲህ ያለ ገዢ "የምገዛው ዕቃ ክፍሎች በሙሉ በክፍት ሲስተም ይሥሩልኝ" ሲል አምራቹ ያቺን አንድ ገጽ ወረቀት ይጽፋል። ስለ ገንዘብ ነውና ይጽፋል።

የእኛ ዩኒቨርሲቲዎችና መሥሪያ ቤቶችም በጨረታ ሰነዳቸው ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩስ? "አቅራቢው ላፕቶፑ በክፍት ምንጭ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ተጭኖ ካሜራው፣ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ሴንሰሮቹ ሲሠሩ ያሳይ።" አንድ መስመር ናት፤ ወጪ የላትም። በውጭ ምንዛሪ የምንገዛውን ዕቃ ሙሉውን እንድናገኝ ከማድረግ በቀር ሌላ ጥያቄ የለባትም።

እናንተም ዛሬ ማታ ማድረግ የምትችሉት አለ። ላፕቶፓችሁ ላይ ከካሜራው ጎን ትንሽ ቀዳዳ ካለች ጣታችሁን ጫኑባት። ሊኑክስ ላይ ሆናችሁ ካልመለሰች ሞዴሉን፣ የከርነሉን ቁጥር፣ ያያችሁትን ጻፉና ለምትጠቀሙት ስርጭት ሪፖርት አድርጉ። "አይሠራም" ብሎ በትክክል መጻፍም ሥራ ነው። በትክክል ያልተጻፈ ችግር አይፈታምና።

የእኔስ ላፕቶፕ? አንድ ወዳጄ ከጎኔ ተቀምጦ ሠንጠረዡን አብረን አወጣነው። ሴንሰሯ በኤሲፒአይ ስሟ ተጽፋ እዚያው አለች። ስንጠይቃት ግን ሁልጊዜ ዜሮ ትላለች፤ ምክንያቱም አስቀድሞ የሚቀሰቅሳት ትእዛዝ ያስፈልጋታል። ትእዛዙን ፈልገን ስናገኘው በሦስተኛው ቀን ማታ ሆኗል። ጣቴን ጫንኩ፤ ቁጥሩ ወረደ። አነሳሁ፤ ቁጥሩ ወጣ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደ ልጅ ሳቅን። ማስተካከያውን ላክን። መልስ መጣ፤ "አቀማመጡን አስተካክላችሁ፣ ሌላ ሞዴል ላይ ጉዳት እንደሌለው አረጋግጣችሁ ድገሙት" ይላል። ደግመን ልከናል። እስካሁን አልገባም፤ እየጠበቅን ነው።

እስከዚያው ግን እኔ ቤት መብራት ሲጠፋ ስክሪኑ ቀስ ብሎ ደብዘዝ ይላል። ሻጩ ልጅ ያሳየኝን ነገር አሁን ገና ገዛሁት።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ ላፕቶፑ ላይ ሞክሮ ያገኘውን የሚነግረኝ ካለ ሞዴሉን መጥቀስ አይርሳ። ሰላም እደሩ።